ያሳዩኝ አንድ ሰው ብቻ ነበር

ጥር 12፣ ማክሰኞ

የሂሳብ ፈተና ተመለሰ። ከሃያ አስራ አንድ። መምህሩ፣ "ምላስሽን ብፈትን ኖሮ ሃያ ከሃያ ነበር" አሉ። "ታዲያ ለምን አይፈትኑትም?" አልኩ። የቀረውን ክፍለ ጊዜ ኮሪደር ላይ ቆሜ አሳለፍኩ። ደህና ነፋስ ነበር።

ቤት ስገባ አባባ ጋዜጣ ያርማሉ። ያነባሉ አላልኩም፣ ያርማሉ። በግራ እጅ አጉሊ መነጽር፣ በቀኝ እጅ ቀይ እስክሪብቶ። አያቴ ናቸው፣ የእማዬ አባት። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠርተው ጡረታ ወጡ። እሳቸው ከመዝገብ ቤቱ ወጡ እንጂ መዝገብ ቤቱ ከሳቸው አልወጣም። ራት ላይ አንድ ማንኪያ ቀመሱና፣ "የቀረበው ሾርባ ጨው የጎደለው መሆኑ ተረጋግጧል" አሉ።

"ይግባኝ የለውም፣ ይጠጡት" አለች እማዬ።

ከዛ ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ መጣ። ራሰ በራ ፀጉር አስተካካይ... ይሄን ሁሌ ልጽፈው እያልኩ እረሳለሁ። ገና ሳይቀመጥ አባባ የኔን ምስክርነት ጀመሩ።

"ሳትንተባተብ! ዳኛው 'እርግጠኛ ነሽ ወይ?' ሲሏት፣ 'እርግጠኛ ነኝ፣ እሱ ነው!' በጣቷ ጭምር! ሠላሳ አንድ ዓመት ስሠራ እንዲህ ያለ ምስክር አልገጠመኝም።"

"እኔም ስሰማው አርባኛዬ ነው፣ አንድ ቃል አልተለወጠም" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

"እውነት ስለሆነ ነዋ!"

ነገሩ ዓምና ታኅሣሥ ነው። ከፎቃችን ስር ያለውን ሬዲዮ ጠጋኝ አንድ ሰው ገፍትሮ ክንዱን ሰበረው፣ ሁለት ሬዲዮ ይዞም ሮጠ። እኔ በረንዳ ላይ አንሶላ እያሰጣሁ ነበር። ሌሎቹ ያዩት ግራጫ ጃኬትና ጀርባ ነው። ፊቱን አየሁ ያልኩት እኔ ብቻ። ግራጫ ጃኬት የለበሰ አንድ መስታወት ገጣሚ ተያዘ። አራት ዓመት ተፈረደበት። እኔ ደግሞ ትምህርት ቤት "ምስክሯ" ተባልኩ።

ስሙ ደስ ይለኝ ነበር። ይለኛል? እንግዲህ...

ጥር 14፣ ሐሙስ

አባባ ከሶፋው ላይ ጮኹ። ልባቸው ነው ብዬ ስሮጥ ጋዜጣ ነው።

"ብስክሌት ሰርቋል የተባለውን ሰውዬ ይግባኝ ሰሚው ለቀቀው!"

"ለምን?"

"ፖሊስ ለምስክሩ አንድ ሰው ብቻ አሳየ፣ ነው የሚሉት። ከሚመስሉት ሰዎች ጋር አሰልፎ 'የቱ ነው?' ማለት ነበረበት። አንድ ሰው አስቀምጦ 'ይሄ ነው አይደል?' ማለት ጥያቄውን ከነመልሱ መስጠት ነው። በእንዲህ ያለ ምስክርነት ብቻ ሰው አይቀጣም፣ አሉ! እንግዲህ ሌባ ሁሉ የሚመስለውን ሰባት ሰው አስከትሎ ይስረቅልን?"

ሳቅኩ። ለአባባ ደህና ቀልድ ነች።

እኔንስ ፖሊስ ጣቢያ እንዴት ነበር ያሳዩኝ? ጠባብ ክፍል፣ አረንጓዴ አግዳሚ ወንበር፣ ግድግዳው ላይ ጊዜው ያለፈበት የቀን መቁጠሪያ። ወንበሩ ላይ ግራጫ ጃኬት የለበሰ ሰው። መርማሪው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ፣ "አይዞሽ የኔ ልጅ። ይሄ ነው አይደል?" አለኝ።

ሰውየው ቀና ብሎ ሲያየኝ ልቤ ድንግጥ አለ። አውቀዋለሁ አለ ልቤ። "አዎ" አልኩ። መርማሪው ለስላሳ ገዛልኝ።

ጥር 15፣ ዓርብ

አንድ። ስንት ጊዜ ብቆጥረው አንድ።

ጥር 26፣ ማክሰኞ

ዛሬ በራችን ተንኳኳ። ሴት ናት፣ ቦርሳዋ በወረቀት ጢም ብሏል። ጫማዋ ከሷ ቀድሞ ነው የሚናገረው፤ ሲጥ... ሲጥ... ከታችኛው ፎቅ ጀምሮ ሰምቻታለሁ። የመስታወት ገጣሚው አዲሷ ጠበቃ ናት።

አባባ በሩን በአንድ ጫማ ስፋት ከፍተው ክፍተቱን በሰውነታቸው ዘጉት። "ምስክር የሚጠራው በመጥሪያ ነው።"

"ልክ ነዎት አባቴ። ልጅቷን ልጠይቅ አልመጣሁም። በረንዳውን ከታች ሆኜ አይቼዋለሁ፤ ከላይ ሆኜ መንገዱን ለማየት ነው፣ ከፈቀዱልኝ።"

"አልፈቀድኩም።"

"እሺ።" አልተቆጣችም። እንዲህ ያለ በር የለመደች ትመስላለች። "ይግባኛችን ስምንት ወር ተኝቶ ነበር። የብስክሌቱ ውሳኔ መጣና ቀሰቀሰው። ያ ሰውዬ የተከራከረው ለራሱ ነው፣ መስታወት ገጣሚውን በዓይኑ አይቶት አያውቅም። የከፈተው በር ግን ለእሱም ይሆናል።"

"እኔ የማውቀው ይሄን በር ነው" አሉ አባባ። ዘጉት።

በልማዴ ቢሆን ወዲያው ጫማዋን አስመስዬ ሳሎኑን እዞር ነበር። አልዞርኩም። አባባ ገረማቸው። "አመመሽ እንዴ?"

የካቲት 3፣ ማክሰኞ

ይሄን መጻፍ አልፈልግም። ስለማልፈልግ ነው የምጽፈው።

ዕረፍት ሰዓት፣ ደረጃው ስር። "ምስክሯ! እስቲ ሰውዬውን አሳዪን!" አሉ። ቀልዱን የፈጠርኩት ዓምና እኔው ነኝ። መስታወት ገጣሚው ፍርድ ቤት ቆሞ ቀኝ እጁን ሲያነሳ፣ ሁለት ጣቶቹ ታክሲ እንደሚያስቆም ሰው ቀጥ ብለው ሲቀሩ፣ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ እኔ አይደለሁም" ሲል፣ ድምፁ "አይደለሁም" ላይ ሲሰበር።

ልተወው አስቤ ነበር። እውነት አስቤ ነበር። ግን አስር ሰው ከቦ አፍ አፍሽን ሲያይሽ... አደረግኩት። ድምፁን ሳይቀር ሰበርኩት። ፍርስ አሉ።

ከዛ ሳቁ ከኋላ ጀምሮ አንድ በአንድ ጠፋ። ዞር ስል ልጁ ቆማለች። የመስታወት ገጣሚው ልጅ። ከኔ አንድ ክፍል ታች ናት። አባቷ ከታሰረ ጀምሮ ከማንም ጋር አታወራም፤ "ሬዲዮ የሌለው ባትሪ" የሚል ስም ወጥቶላታል። ማን አወጣው? እኔ።

ትጮሃለች ብዬ ጠበቅኩ። ወይ ትመታኛለች። ብትመታኝ እንዴት ጥሩ ነበር።

"ጣቶቹ አይታጠፉም" አለች ቀስ ብላ። "መስታወት ቆርጧቸው ነው። መቀለዱን ቀልጂ። ግን እወቂው።"

የውሃ ኮዳዋን ይዛ ሄደች። ማንም አልሳቀም። እኔን እንኳ ማንም አላየኝም፤ ሁሉም ጫማውን ያያል።

የካቲት 4፣ ረቡዕ

አወቅኩት።

ጠዋት ኩሽና ሳህን እያጠብኩ ነው። መስኮታችን ጥጉ ላይ ነፋስ ያስገባል፣ እንደ ሰነፍ እረኛ ያፏጫል። አባባ ጋዜጣ ይጎስጉሱበታል። የዛሬው ጋዜጣ ወድቆ ነበርና ልመልሰው ጎንበስ ስል፣ መስታወቱን የያዘው ስቱኮ ላይ የአውራ ጣት ዱካ አየሁ። ከጎኑ ሌላ ጣት መኖር ነበረበት፣ የለም። ሁለት ጣት የማይታጠፍለት ሰው የጫነው።

ሳህኑን አስቀመጥኩት።

ከሦስት ዓመት በፊት ነው፣ አስራ ሦስት ዓመቴ። አባባ ሶፋው ላይ ያንኮራፋሉ። እኔ ኩሽና ውስጥ ዳኛ ሆኜ በጭልፋ ጠረጴዛ እየመታሁ፣ "ሾርባው አራት ዓመት ተፈርዶበታል!" እላለሁ። ጭልፋዋ ከእጄ በረረች፣ መስታወቱ ዱቄት ሆነ። እማዬ አስራ አንድ ሰዓት ትገባለች። ሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ነው የምትሠራው፤ ቀኑን ሙሉ ደም ያለበት አንሶላ ስትፈትግ ውላ ገብታ መስታወት ተሰብሮ ብታይ... ወርጄ ሮጥኩ። መንገድ ላይ መስታወት በጀርባው ያዘለ ሰው አገኘሁ።

ለካ፣ ቆረጠ፣ ገጠመ። አባባ እንዳይነቁ በጫማው ጫፍ ነበር የሚራመደው። እያንኮራፉ "ይቅረብ" ሲሉ ሁለታችንም አፋችንን ይዘን ሳቅን። ሰዓቱን ደጋግሜ ሳይ አይቶ፣ "አይዞሽ፣ እናትሽ ሳትመጣ እንጨርሳለን" አለ። ሲወጣ ደግሞ፣ "እንግዲህ አላየሽኝም፣ አላየሁሽም" ብሎ ጠቀሰኝ። ጥጉ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ተመልሼ እደርበዋለሁ ብሎኝ ነበር። አይምጡ አልኩት። እማዬ እንዳታውቅ።

ለዚህ ነው። ፖሊስ ጣቢያ ልቤ "አውቀዋለሁ" ያለው ለዚህ ነው። ልቤ አልዋሸም፣ ያውቀዋል። ከኩሽናችን ያውቀዋል። ከመንገዱ አይደለም።

ከመንገዱ ያየሁት ምንድን ነው? እርጥብ አንሶላ። ነፋስ ገለጥ አደረገው፣ ግራጫ ጃኬት... እንደገና አንሶላ። ፊት የለም። ፊቱን የሞላሁት በኋላ ነው።

የካቲት 26፣ ሐሙስ

የይግባኙ ውሳኔ ወጣ። ጥፋተኛ የተባለበት ፍርድ ተሻረ፤ ጉዳዩ ወደ ስር ፍርድ ቤት ተመልሶ በሌላ ዳኛ እንደገና ይሰማ። እስከዚያ ሰውየው እስር ቤት ይቆያል።

አባባ ከድሮ መሥሪያ ቤታቸው ግልባጩን አስመጡ። "ስህተታቸውን አንድ በአንድ አወጣዋለሁ" ብለው ቀይ እስክሪብቶውን ነቀሉት። እንደ ሬዲዮ ዜና ጮክ ብለው ያነባሉ። ገጽ አንድ ላይ አንድ ነጠላ ሰረዝ አረሙ። ገጽ ሁለት ላይ "ምንድን ነው ይሄ?" አሉ። ገጽ ሦስት ላይ...

"'ምስክሯ በክፍሉ ውስጥ የነበረውን አንድ ሰው እንድትለይ ተጠይቃለች። አንድን ከአንድ መለየት አይቻልም።'"

እስክሪብቶው አየር ላይ ቆመ። ቀጠሉ፣ ድምፃቸው ቀነሰ።

"'የስር ፍርድ ቤት ምስክሯ እርግጠኛ መሆኗን መዝግቧል። እርግጠኝነቷ ከየት እንደመጣ ግን አልጠየቀም።'"

መነጽራቸውን አወለቁ። ጠረጉ። መልሰው አደረጉ። እኔን ግን አላዩኝም።

እርግጠኝነቴ ከየት እንደመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ዓምና፣ ከቀጠሮው በፊት፣ አንድ ሳምንት ሙሉ እዚሁ ጠረጴዛ ላይ አስጠንተውኛል። "እሱ ይመስለኛል" ስል ጠረጴዛውን ይመቱታል። "'ይመስለኛል' አይባልም! ዳኛ ፊት 'ይመስለኛል' ማለት በእርጥብ እንጨት እሳት ማንደድ ነው፤ ጭሱ ብቻ ነው የሚተርፈው። እንደገና!" እንደገና። እንደገና። በስድስተኛው ቀን "እርግጠኛ ነኝ" ስል ራሴን አመንኩት። አባባ ግንባሬን ሳሙኝ። የሳሙኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የካቲት 27፣ ዓርብ

ለእማዬ ነገርኳት። አንሶላ እያጠፍን ነበር፤ እሷ አንድ ጫፍ፣ እኔ አንድ ጫፍ። ጭልፋዋን፣ መስታወቱን፣ ጣቶቹን፣ ፊቱን አለማየቴን፣ ሁሉንም። ደረጃው ስር ያደረግኩትንም።

አንሶላውን አልለቀቀችም።

"መስታወቱን ደብቀሽኝ ነው ሰውዬው የታሰረው?"

"እ... አይደለም። አዎ። አላውቅም።"

"ዓምና ጠይቀሽኝ ቢሆን፣ 'እማዬ፣ ይሄን ሰው የት ነው የማውቀው?' ብትዪኝ..." አልጨረሰችውም። ወደኔ መጥታ የኔን ጫፍ ከእጄ ወሰደችና ብቻዋን አጠፈችው። ተቆጥታ ብትጮህ ይሻለኝ ነበር። የዘንድሮ ሰው ሁሉ መጮህ ትቷል መሰለኝ።

መጋቢት 3፣ ሐሙስ

መጥሪያ ደረሰኝ። መጋቢት 22። ዐቃቤ ሕጉ ነው የጠራኝ፤ ዓምና ያልኩትን እንድደግምለት።

እማዬ አንድ የምታውቀውን የሕግ ሰው አማከረች። "እውነቱን በራሷ ፈቃድ ብትናገር ይሻላታል። ግን ምንም አይደርስባትም ብዬ ቃል አልገባም" አላት። በሐሰት መመስከር የሚባል ነገር አለ። እኔ የፈራሁት እሱን ነው? በጣም የፈራሁት ሌላ ነው... አባባ ለጎረቤት የሚናገሩት ታሪክ እንዳያልቅባቸው።

አባባ ሁሉንም ሰምተዋል። ሻይ ላይ እንዲህ አሉ፦ "ሦስት ዓመት ያለፈው መስታወት ነው። ማን ያነሳዋል? ሰውየው ራሱ አላነሳውም።"

"አባባ!" አለች እማዬ።

"ቃሉን የለወጠ ምስክር ምን እንደሚባል አውቃለሁ ነው የምለው። ለልጅቷ ነው የማስበው።"

"ለልጅቷ ነው ወይስ ለራስዎ?"

ሻያቸውን ሳይጨርሱ ተነሡ። እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ በአባባ አፈርኩ። ወዲያው ደግሞ በማፈሬ አፈርኩ። ያስጠኑኝ እሳቸው ናቸው፣ ያልኩት ግን እኔ ነኝ። አፉ የኔ ነው።

መጋቢት 6፣ እሑድ

እማዬ ጉድ ናት! ይሄ ሁሉ ተንኮል ከየት መጣብኝ እል ነበር፤ ለካ ውርስ ነው።

ጠዋት አንሶላ አጥባ በረንዳው ላይ ሰጣች፣ ልክ እንደዛን ቀኑ። "አባባ፣ እስቲ ከአንሶላው ኋላ ይቁሙልኝ። እኔ ግራጫ ጃኬት ለብሼ ከታች እሮጣለሁ። ይታይ እንደሆነ ይንገሩን" አለች። አባባ ክብር ተሰምቷቸው መነጽራቸውን ወልውለው ቆሙ።

ከታች ግራጫ ጃኬት፣ ኮፍያው የተደፋ፣ ቱር ብሎ አለፈ። ነፋሱ አንሶላውን ገለጥ አድርጎ መለሰው።

"አየኋት!" አሉ አባባ። "ግልጽ ነው። ፊቷንም አይቻለሁ።"

"እማዬ ናት?" አልኩ።

"ታዲያ ማን ልትሆን! ልጄን አላውቃትም? ሩጫዋን ከድክ ድክ ጀምሮ አውቀዋለሁ። እርግጠኛ ነኝ።"

"አቤት አባባ" አለች እማዬ ከኋላቸው፣ ባልዲ ይዛ ከሻወር ቤት እየወጣች።

ከታች ፀጉር አስተካካዩ ኮፍያውን ገልብጦ፣ ራሰ በራው እያበራ፣ እንደ ጎማ እየተነፈሰ፣ "በቃ? ልደግመው?" ይላል። ወገቡ ብቻ የእማዬን ሁለት እጥፍ ያክላል። ጢም አለው!

ሳቄ ሊገለኝ ደረሰ። ከዛ የአባባን ፊት አየሁ።

ወንበር ላይ ተቀመጡ። ከዛ፣ ማንንም ሳያዩ፣ "ኮሪደር ላይ ይቀመጡ ነበር" አሉ።

"እነማን?"

"ምስክሮቹ። ተራቸውን ሲጠብቁ ይንቀጠቀጣሉ። የገጠር ሰው፣ አሮጊት፣ ልጅ። ሲንተባተቡ ዳኛው ይቆጧቸው ነበር። አዝንላቸዋለሁ። መዝገብ ይዤ ሳልፍ ጎንበስ ብዬ፣ 'ይመስለኛል አትበሉ፣ እርግጠኛ ነኝ በሉ፣ ቶሎ ይለቋችኋል' እላቸዋለሁ። ለደግነት ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት።"

እማዬ እጃቸውን ያዘች።

"ስንቱን..." አሉ። ቀይ እስክሪብቶውን ከደረት ኪሳቸው አወጡና እጃቸው ላይ አገላበጡት። እንዴት እንደሚጠቀሙበት የጠፋቸው ይመስል።

በአባባ ላይ ስንት ነገር ጽፌያለሁ እዚህ ደብተር ላይ። ዛሬ አንዲት ቀልድ አልመጣልኝ አለች።

መጋቢት 21፣ ሰኞ

ነገ ነው። አባባ ጠረጴዛው ላይ ጠሩኝ። ልምምድ መሰለኝ። ውሃ ቀዱልኝ፣ እንዲህም አሉ፦ "ነገ 'አላውቅም' ማለት መልስ ነው። መዝገብ ይይዘዋል። ብዙ ቦታ አይፈጅም።"

አበቃ። ጥናቱ ይሄ ብቻ ነበር።

መጋቢት 22፣ ማክሰኞ

ችሎት ገባሁ። ሌላ ዳኛ፣ ሴት ናቸው፣ ጉንፋን ይዟቸዋል። መስታወት ገጣሚው ከስቷል። ግራጫ ጃኬቱ ሰፍቶታል። አንድ ጊዜ አየኝ፣ ከዛ መስኮቱን አየ። የችሎቱ መስኮት አንድ መስታወት ተሰንጥቋል፤ እሱን ነው መሰለኝ የሚያየው።

ዐቃቤ ሕጉ ፈገግ አለ። "ዓምና ተከሳሹን ለይተሽ እርግጠኛ ነኝ ብለሻል። ዛሬም እርግጠኛ ነሽ?"

"አይደለሁም።"

ፈገግታው የሚሄድበት አጣ። "ዓምና ግን ብለሻል።"

"ብያለሁ። ፊቱን አላየሁም። በፊቴ አንሶላ ነበር።"

"ታዲያ ፖሊስ ጣቢያ ያላየሽውን ሰው እንዴት አወቅሽው?"

ነገርኳቸው። ጭልፋዋንም። "ሾርባው አራት ዓመት ተፈርዶበታል" የሚለው ላይ ስደርስ ሰው ሁሉ ሊስቅ ሲል... ሰውየውም የተፈረደበት አራት ዓመት መሆኑ ትዝ አለኝ። ማንም አልሳቀም።

ጠበቃዋ ተነሣች፣ ሲጥ... ሲጥ። የጠየቀችኝ ሁለት ነገር ብቻ ነው።

"ፖሊስ ጣቢያ ስንት ሰው አሳዩሽ?"

"አንድ።"

"ምን ብለው ጠየቁሽ?"

"'ይሄ ነው አይደል?'"

ዳኛዋ አፍንጫቸውን ጠርገው፣ "ለምን እስከ ዛሬ ዝም አልሽ?" አሉ።

የሚያምር መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ጠፋኝ። "ሁሉም ሰው ጎበዝ ሲለኝ ደስ ብሎኝ ነበር" አልኩ። ይሄን ስናገር የሰውየውን ልጅ አየኋት፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ። መሬቱ ቢከፈት እገባ ነበር።

ከዛ ዳኛዋ እሱን ጠየቁት፦ "ልጅቷን ታውቃት ነበር?"

"አዎ ክብርት ዳኛ። መስታወታቸውን ገጥሜያለሁ። ገና ሳያት አውቄያታለሁ።"

"ለምን አልተናገርክም?"

"የበፊቱ ጠበቃዬን ያገኘሁት ኮሪደር ላይ ነው፣ አስር ደቂቃ። ስነግረው፣ 'ቤቱን አውቀዋለሁ ካልክ ጉድጓድህን ቆፈርክ፣ ተወው' አለኝ።" የጃኬቱን እጅጌ ሳበ። "ደግሞም ለልጅቷ አልናገርም ብያት ነበር።"

አልናገርም ብያት ነበር... እኔስ ስለ እሱ ምን ብዬ ነበር? 'እሱ ነው።'

ስወጣ አባባ በሩ አጠገብ ቆመዋል። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ አንዲት ሌላ ሴት ለሌላ ጉዳይ ተራዋን እየጠበቀች ትንቀጠቀጣለች። አባባ ቆሙ። ጎንበስ አሉ። ልቤ ቆመ።

"እትዬ፣ የማያውቁትን አላውቅም ይበሉ። አይፍሩ" አሏት።

መጋቢት 29፣ ማክሰኞ

በነፃ ተለቀቀ። አባባ ጋዜጣ ላይ ፈልገው አጡት። ብስክሌቱ ነበር የወጣው፣ መስታወቱ አልወጣም።

እኔን ዳኛዋ ገሥጸው ለቀቁኝ። እማዬ አለቀሰች። ሬዲዮ ጠጋኙን ማን እንደገፈተረው አሁንም ማንም አያውቅም። አንዳንዱ የሰፈር ሰው "ልጅቷ ሌባ አስፈታች" ይላል። ይበል። ከአንድ ዓመት በላይ ያለ ጥፋቱ የታሰረ ሰው ከሚባለው አይከፋም።

ሚያዝያ 7፣ ረቡዕ

ሦስት ቀን ሙሉ አባባ ከቁርስ በኋላ ይጠፉ ነበር። ዛሬ ተከተልኳቸው። መስታወት ገጣሚው ከሚሠራበት መንገድ ማዶ ይቆማሉ። ኮታቸውን ይቆልፋሉ፣ ይፈታሉ፣ ይመለሳሉ። ዛሬ ግን ተሻገሩ። ኮፍያቸውን አውልቀው ቆመው ሲናገሩ ከሩቅ አየሁ። ምን እንዳሉት አላውቅም፣ አልጠየቅኩም። እኔስ? እኔ ሰኞ ሄጄ ነበር። "ይቅርታ" የምትለዋን ቃል ስንት ጊዜ አስመስዬ ቀልጄባታለሁ፤ የምሯን ስፈልጋት እንዴት ትከብዳለች። አልኳት ግን። ሰውየው መስታወት መቁረጡን አላቆመም። "ያ ጥግ ነፋስ ያስገባል?" አለኝ። "ያስገባል" አልኩ። "ጊዜ ሲተርፈኝ እመጣለሁ" አለ። ይቅር ብዬሻለሁ አላለም።

ትምህርት ቤት "ምስክሯ" ብሎ የሚጠራኝ ጠፍቷል። ዕረፍት ላይ አንዱ፣ "እስቲ ጠበቃዋን አስመስዪልን፣ ጫማዋን!" አለ። እግሬ ራሱ ሊነሣ ነበር፣ እውነቱን ለመናገር። አልተነሣም።

ደረጃው ላይ የመስታወት ገጣሚውን ልጅ አገኘኋት። ኮዳዋን ይዛ ትወርዳለች፣ እኔ እወጣለሁ። ግድግዳው ላይ ተለጥፌ አሳለፍኳት። በጎኔ ስታልፍ አንገቷን ትንሽ፣ በጣም ትንሽ፣ ነቅነቅ ያደረገች መሰለኝ። ሰላም ነው? ወይስ ፀጉሯን ከዓይኗ ላይ ስትመልስ ነው?

ሰላም ነው ብዬ ብጽፍ እንዴት ደስ ይለኝ ነበር። ደብተሩ የኔ ነው፣ ማንም አይጠይቀኝም።

መሰለኝ። እርግጠኛ አይደለሁም።